የልብ ሐኪም ፕሮፖዛል፦ ሦስተኛው ረቂቅ ከመፈረሙ በፊት

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ላይ የተስማማንበትን ረቂቅ ጽፌ ጨርሻለሁ። ሐሳቡ አጭር ነው። ከዞናችን ሁለት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶች እንመርጣለን። አዲስ አበባ ያለው የጦር ኃይሎች ሆስፒታል በልብ ሕክምና እንዲያሠለጥንልን እንጠይቃለን። አንድ ዓመት ተምረው ይመለሱና ያገለግሉናል። ወጪውን ማህበራችን፣ ዩኒቨርሲቲውና ዞኑ እንዲካፈሉት ነው ያሰብነው።

«ለምን ወታደር ቤት?» ለሚለው እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «በጦር ሆስፒታል ሠልጣኙ ሲጨርስ የት እንደሚመደብ ገና ሳይጀምር ያውቃል።» ይቺ ዓረፍተ ነገር ትቆይ ወይስ ትውጣ? እስከ ሐሙስ ማታ ንገሩኝ። ዓርብ ይፈረማል።

ሻምበል (ጡረታ)፦
ትቆይ። እንዲያውም በደማቁ ትጻፍ።

ግን አንድ ነገር ቆርቁሮኛል። ሠራዊት መትረየስ ተኳሽ ብቻውን አያሠለጥንም። ረዳቱም አብሮት ይሠለጥናል። እናንተ ሁለት ተኳሽ ልትልኩ ነው። ጥይቱን ማን ይሸከማል?

የራሴን ላውራችሁ። በወጣትነቴ ከመንዝ አራት ሆነን ልንቀጠር ሄድን። ምርመራ ላይ ሐኪሙ ማዳመጫውን ከጓደኛዬ ደረት አላነሳም። ቆየ። ደግሞ አዳመጠ። ከዚያ «ልብህ ያልተለመደ ድምፅ አለው፣ ለውትድርና አትሆንም» አለና ስሙን ሰረዘው። በቃ። የት ሂድ፣ ምን ታከም የሚለው የለም። እሱ የተከፋው ደመወዙ ስለቀረበት ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ለፈቃድ ስመጣ ተቀብሮ ደረስኩ። እርሻ ላይ ነው የወደቀው አሉኝ። ያ ሐኪም እኮ በጆሮው ብቻ አግኝቶት ነበር።

ዶክተር (የውስጥ ደዌ፣ ደብረ ብርሃን)፦
ሻምበል፣ ነፍሱን ይማር። ሳላየው ምርመራ መስጠት አይገባኝም እንጂ፣ በኛ አገር በዚያ ዕድሜ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ የምንጠረጥረው የሩማቲክ የልብ ሕመምን ነው። በልጅነት የታመመ ጉሮሮ ሳይታከም ይቀራል፤ ሰውነት ጀርሙን ሲዋጋ የገዛ ልቡን ቫልቭ፣ ማለት ደም የሚያሳልፈውን በር፣ ይጎዳል። ዓመታት ቆይቶ ቫልቩ ይጠብባል ወይም ያፈሳል።

አሁን ወደ ረቂቁ። «አንድ ዓመት» የሚለው ይሰረዝ። የልብ ሐኪም 3 ዓመት የውስጥ ደዌ ይማራል፤ ከዚያ በላዩ ላይ ነው ልብ የሚማረው። በአሜሪካው የጦር ሆስፒታል በዋልተር ሪድ የልብ ፌሎሺፑ (ከስፔሻሊቲ በላይ ያለው ሥልጠና) ብቻ 3 ዓመት ነው። በእነሱ የሥልጠና መመሪያ ራሱን ችሎ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) እንዲያነብ የሚፈቀድለት ሰው 150 በገዛ እጁ ሠርቶ 300 ማንበብ አለበት። ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ኢኮ ፎቶ ማንሳት አይደለም። በሽተኛውን በግራ ጎኑ ታስተኛለህ። ጄሉ ይቀዘቅዘዋል፣ በኛ ብርድማ ይዘላል። መሣሪያውን በሁለት ጎድን አጥንት መሐል ታሳርፋለህ። እጅህ ትንሽ ዘንበል ካለ የጠበበው ቫልቭ ጤነኛ ይመስልሃል። ይሄ ከመጽሐፍ አይገኝም። እጅ ነው የሚማረው።

ወታደር ቤት ልብ ምን ያውቃል ለሚሉ ደግሞ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድዋይት ሃርከን የሚባል የአሜሪካ ጦር ቀዶ ሐኪም እንግሊዝ አገር ሆኖ ከወታደሮች ልብና ከልብ ዙሪያ 134 ጥይትና ፍንጣሪ አውጥቷል። አንድም ሰው አልሞተበትም። ያኔ ልብ አይነካም ይባል ነበር። የኛ ቃኘው በዘመተበት በኮሪያ ጦርነትም የጦር ሐኪሞች የ300 ሟች አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምረው ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ነው። በ77.3 በመቶው የልብ ደም ሥር ላይ የበሽታ ምልክት ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲታተም የልብ ደም ሥር በሽታ የሽማግሌ ነው የሚለው እምነት ተናጋ።

ግን እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። የጦር ሆስፒታል በብዛት የሚያየው ተመርጦ የገባ ወጣት ወንድ ነው። የኔ በሽተኛ ሴት ናት። ብዙ ጊዜ እርጉዝ ናት። በእርግዝና የደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። የጠበበው ቫልቭ እስከዚያ ችሎት ቆይቶ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ ወር ላይ ያቅተዋል። ስለዚህ ሠልጣኞቹ ከጊዜያቸው የተወሰነውን በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ ባቋቋሙት የልብ ማዕከል ያሳልፉ። ሕፃናቱንም እዚያ ያያሉ።

የሂሳብ ሹም፦
ሁለት አጭር ነገር። አንደኛ፣ ኢኮ ማሽን ባለሙያው ሳይመለስ አይገዛ። ከዚህ በፊት ለአንድ ጤና ተቋም የገዛነው መሣሪያ ፕላስቲኩ ሳይነሳ መጋዘን ተቀምጧል። ርክክቡ ላይ አጨብጭበናል፣ ፎቶም ተነስተናል። እኔ ከዚያ ወዲህ ማሽን የሚል ነገር ስሰማ ያመኛል። ሁለተኛ፣ ወታደር ቤቱ ሲቪል ይቀበላል?

ዶክተር፦
እንጠይቃለና። በዓለም ላይ በወታደርና በሲቪል ሕክምና መሐል ያለው ግድግዳ የፈረሰው ድሮ ነው። የአሜሪካው አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1955 ፕሬዚዳንት ሆነው ልባቸውን ሲታመሙ የተኙት ዴንቨር ባለው የጦር ሆስፒታል ነው። ሊያዩዋቸው ከቦስተን የመጡት ፖል ዳድሊ ዋይት ግን ሲቪል ሐኪም ነበሩ። ለፕሬዚዳንት የሆነ ለመንዝ ሴት ይሆናል።

ሲስተር (የተመላላሽ ክፍል)፦
ሁላችሁም ስለ ሐኪም ታወራላችሁ። እስቲ እኔ ስለ መርፌ ላውራ።

አንዲት ልጅ አለችኝ። 19 ዓመቷ ነው። ከመሐል ሜዳ በላይ ካለ ቀበሌ ነው የምትመጣው። ሌሊት ተነስታ፣ በእግሯም በመኪናም። ስትተኛ ሦስት ትራስ ደርድራ ነው፤ ጋደም ካለች ትታፈናለች። ቫልቩ እንዳይብስ በየ28 ቀኑ ቤንዛቲን (ለረጅም ጊዜ የሚሠራ ፔኒሲሊን) መወጋት አለባት። ቫልቩ የተጎዳ ሰው ቢያንስ 10 ዓመት ይወጋል፣ አንዳንዱም እስከ 40 ዓመት ዕድሜው። ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በዓመት 13፣ በ10 ዓመት 130 መርፌ። ከአዲስ አበባ ያለን ኪሎ ሜትርም 130 ነው። ሳቄ መጣ፤ የሚያስቅ ነገር ሆኖ አይደለም።

መርፌው ደግሞ እንደ ሌላ መርፌ አይደለም። ዱቄት ነው። በውሃ ስትበጠብጪው ወተት ይመስላል። ቀጭን መርፌ ይደፍናል። ከተደፈነ ልጅቷ ሁለቴ ትወጋለች፤ ሁለቴ የተወጋች በሚቀጥለው ወር አትመጣም። እኔ ብልቃጡን በመዳፌ ይዤ አሞቀዋለሁ። በኛ ብርድ ሳይሞቅ ቢወጋ እሳት ነው። ወፈር ያለ መርፌ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ይሄን የነገረኝ የለም፤ ከበሽተኞቼ ነው የተማርኩት። አንዳንድ ጤና ጣቢያ ግን በሽተኛ ይወድቅብናል ብለው ስለሚፈሩ አይወጉም። ወደኛ ይልካሉ። እኛ ጋ እስክትደርስ ወሩ ያልፋል።

ታዲያ ሁለት የልብ ሐኪም ብታመጡልኝ ደስ ይለኛል። ግን መርፌው ከተቋረጠ ሐኪሙ የሚያገኘው ያለቀለትን ቫልቭ ነው። ሻምበል «ጥይቱን ማን ይሸከማል» አሉ። እኛ ነን የምንሸከመው። እኛንም ላኩን።

ሻምበል፦
ሲስተር እድሜ ይስጥሽ። ይኸው ነው።

ዶክተር፦
ሲስተር ያለችው ላይ አንድ ልጨምር፣ ረቂቁ ውስጥ መግባት ያለበት። ፍርሃቱ መነሻ አለው። ቫልቩ በጣም የተጎዳና ልቡ የደከመ ሰው መርፌውን ተከትሎ ራሱን ስቶ ሊወድቅ፣ ከዚያም ሊብስበት ይችላል። ሁልጊዜ አለርጂ አይደለም። ስለዚህ በልቶና ጠጥቶ ይምጣ፣ ተኝቶ ይወጋ። በጣም ለከፋበት ደግሞ በኪኒን ይተካ። የትኛው በጣም የከፋበት እንደሆነ የሚነግረን ኢኮ ነው። ስለዚህ ሐኪሙና ነርሷ ሁለት ፕሮጀክት አይደሉም።

መምህር (ዓለም ከተማ)፦
እኔ ከሕክምናው ውጭ ነኝ። ግን ጉሮሮ ካላችሁ ነገሩ የሚጀምረው እኔ ክፍል ውስጥ ነው። ልጁ ትኩሳትና ጉሮሮ ይዞት ይቀራል። ሳምንት ቆይቶ ሲመጣ ወላጁ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆረጥነው» ይለኛል። ጤና ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ የአስር ደቂቃ መንገድ ነው! አንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጡኝ፣ በሰልፍ ላይ አነበዋለሁ። ገንዘብ አይጠይቅም።

የሂሳብ ሹም፦
ገንዘብ የማይጠይቅ ሐሳብ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ይግባ።

የግዴታ አገልግሎቱ ላይ ግን ጠንከር እንበል። 5 ዓመት ይፈርሙ። ከፍለን አስተምረን ለግል ሆስፒታል ማስረከብ አይሆንም።

ዶክተር፦
ጋሼ፣ 5 ዓመት መፈረም ቀላል ነው። ምን እየሠራ ይቆይ? በብሽሽት የደም ሥር ፊኛ አስገብቶ የጠበበ ቫልቭ መክፈት የተማረ ሐኪም ካት ላብ (ይሄ የሚሠራበት ክፍል) በሌለበት ብታስሩት እጁ ይዝጋል። ሲዝግ ይሄዳል፤ ባይሄድም የለም ማለት ነው። እኔ የምለው፣ የኛዎቹ ለፊኛው አይሠልጥኑ። ኢኮ አጥርቶ የሚያይ፣ መድኃኒት የሚያስተካክል፣ እርጉዝ የልብ በሽተኛን የሚከታተል፣ ለፊኛና ለቀዶ ጥገና ማን መቼ ይሂድ የሚለውን የሚለይ ሐኪም ይሁኑ። በወር ሁለት ቀን ደግሞ ወደ አሠለጠናቸው ሆስፒታል ይመለሱ። የላኳቸውን በሽተኞችም እዚያው ያያሉ። እንዲህ ከሆነ 5 ዓመቱን እኔም እፈርማለሁ።

የሂሳብ ሹም፦
አንተም ዕጩ ነህ እንዴ?

ዶክተር፦
ምርጫው ላይ ድምፅ አልሰጥም። ይመዝገብልኝ።

ጸሐፊዋ፦
ተመዝግቧል። አንቀጽ 2ን እንዲህ ለውጬዋለሁ፣ ተመልከቱት፦

«ማህበሩ የሚጠይቀው ለአንድ ቡድን ሥልጠና ነው፤ ሁለት የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስቶችና አራት ነርሶች። ሐኪሞቹ የልብ ሕክምና ሥልጠናውን ሙሉ ጊዜ ይከታተላሉ፤ ከዚህም ከፊሉን በጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ማዕከል ያሳልፋሉ። ነርሶቹ በልብ ሕሙማን ክትትልና በኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ለሦስት ወር ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ ሐኪሞቹን ሳይጠብቁ በየጤና ጣቢያው የቤንዛቲን አሰጣጥ ማስተማር ይጀምራሉ። የኢኮ ማሽን ግዢ ሐኪሞቹ ሊመለሱ ስድስት ወር ሲቀራቸው ይጀመራል።»

ሲስተር፣ ነርሶቹ ከየት ከየት ይሁኑ? እኔ ደብረ ብርሃን፣ መሐል ሜዳ፣ ሸዋ ሮቢትና ዓለም ከተማ ብያለሁ።

ሌላም አለ። ሻምበል ስለ ጓደኛቸው የነገሩንን አንቀጽ 5 አድርጌዋለሁ፦ «በቅጥር ምርመራ ወቅት ልቡ ድምፅ ያለው ሆኖ የተመለሰ የዞናችን ወጣት ሪፈር ተጽፎለት በቅርቡ ወዳለው ሆስፒታል እንዲላክ።» ለወታደር ቤቱ ምንም ወጪ የለውም፤ አንድ ወረቀት ነው። ሻምበል ካልፈቀዱ አወጣዋለሁ።

ሲስተር፦
አገሮቹ ጥሩ ናቸው። ግን ከመሐል ሜዳ የሚላከው ሰው እዚያው ተወላጅ ይሁን። ብርዱን የማያውቅ በሦስተኛው ወር ዝውውር ይጠይቃል።

ሻምበል፦
አንቀጽ 5 ይቆይ። የጓደኛዬ ስም ግን አይጻፍ፣ እናቱ አሉ።

ደብዳቤውን በፖስታ አትላኩት። ዓርብ ከተፈረመ ሰኞ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና እኔ ይዤው እወርዳለሁ። ማኅተሙ በሁለቱም ገጽ ይሁን። ወታደር ቤት ማኅተም የሌለው ገጽ አያነብም።