በወር አሥር በመቶ ተበድሬ የሱቁን ዱቤ ልዝጋው? (ጎንደር)

ጠያቂዋ፦ እንዴት ዋላችሁ። ጎንደር ማራኪ ነው የምንኖረው፤ እኔም ባለቤቴም ደመወዝተኞች ነን። ተደምሮ እጃችን የሚገባው 14,500 ብር ነው። ቤት ኪራይ 4,000፣ እቁብ 2,000፣ እድር 100። ከስልክ የተበደርነው 1,800 ደመወዝ የገባ ዕለት ይቆረጣል፤ ወሩ ሳይጋመስ መልሰን እንወስደዋለን። የሰፈር ሱቅ ዱቤ ደግሞ በዚህ ወር 6,200 ደርሷል። ሁሉን ስንከፍል 400 ብር ይተርፈናል። በማግስቱ እንደገና «ጻፈው» ነው።

ጥምቀት እየመጣ ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ከደባርቅ ይመጣሉ፤ ለልጆቹም ልብስ አለ። አንድ የምናውቀው ሰው 20,000 ብር በወር 10 በመቶ ላበድራችሁ ብሏል። ዱቤውን ዘግተን በቀረው በዓሉን ብንወጣበትስ? ባለቤቴ «ግድ የለም» ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ።

የአዘዞዋ፦ እንዳትነኪው እህቴ! ወለዱ ብቻ በወር 2,000 ነው። በዓመት 24,000 ከፍለሽ 20,000ው እንዳለ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። 400 ብር ከሚተርፈው ቤት ይህ ከየት ይመጣል?

ሕግ አንባቢ፦ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2479ን ተመልከቱ። በሰውና በሰው መካከል የሚደረግ የገንዘብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ ማለፍ የለበትም። የእሱ በዓመት 120 በመቶ ነው። አራጣ በወንጀልም ያስቀጣል። አራጣ አበዳሪ ደግሞ ወለዱን ወረቀት ላይ አያሰፍርም። 20,000 ተቀብላችሁ «30,000 ወስጃለሁ» ብላችሁ እንድትፈርሙ ሊያደርጋችሁ ይችላል።

ባለሱቁ፦ እኔ ፒያሳ አካባቢ ሱቅ አለኝ፤ ከወዲያ በኩል ሆኜ ልንገርሽ። «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ና» የሚል ወረቀት ለጥፌያለሁ፤ ከሥሩ ቆመው «ጻፍልኝ» ይሉኛል! ዱቤን የሚያሳብጠው ዘይትና ስኳር አይደለም። ለስላሳው፣ ብስኩቱ፣ የስልክ ካርዱ ነው። ልጅ ይላካል፤ አንድ ሳሙና ተብሎ ሁለት ማስቲካ ጨምሮ ይመጣል። እናትየው የምታየው ወሩ ሲያልቅ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ ጋ ሂጂና ገጹን አብራችሁ መስመር በመስመር አንብቡት። ስንሽቀዳደም እኛም እንሳሳታለን፤ የአንዱን በሌላው ገጽ እንጽፋለን። ከዚያ «ይህ ገጽ ይዘጋ፣ በየወሩ ይህን ያህል እከፍላለሁ፣ አዲስ አትጻፍብኝ» በይው። የሚያናድደን የሚጠፋ ሰው እንጂ ቀድሞ የሚነግረን አይደለም። ልጆቹንም ያለ ብር አትላኪ። እኔ በጥሬ ለሚገዛኝ ጥቂት እቀንሳለሁ፤ የአንቺም ሰው ሳይቀንስ አይቀርም።

የእቁብ ዳኛ፦ እቁብ እየጣልሽ አራጣ? የእቁባችሁን ሰብሳቢ ለብቻ አናግሪው። ለቸገረው ሰው ዕጣ ማስቀደም ያለ ነገር ነው፤ ዋስ ሊጠይቅሽ ይችላል። ወለድ የለበትም። ግን ዕጣው ቀድሞ ሲወጣ እሱም ዕዳ ነው፤ እስከ መጨረሻው ትጥያለሽ። በእሱ ብር ሶፋ እንዳትገዙበት።

የአዘዞዋ፦ ሽንኩርትና በርበሬም ከሱቅ በሩብ ኪሎ አትግዙ። ቅዳሜ ገበያ ውረጂና የወሩን በአንዴ ግዢ። እንግዶቹ የሚመጡት ታቦቱን አጅበው ባሕረ ጥምቀቱ ሊውሉ ነው፤ ሽሮም ቢሆን ይበላሉ። እኛ አምና በግ አላረድንም፤ ማንም አልሞተም።

ሌላ አባል፦ የስልኩ ብድር የትኛው ነው? የቴሌብር መላ ከሆነ ለይቶለት ብድር ነው። «እንደኪሴ» የሚባለው ከሆነ ሒሳብ ሲጎድል የሚሞላው ነው፤ ሰው ብድር መሆኑን ይረሳዋል። መጀመሪያ እሱን ክፈሉና አንድ ወር አትንኩት። ከባድ የሚሆነው ያ ወር ብቻ ነው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ ባለሱቁ፣ እንዳሉኝ ገጹን አብረን አነበብነው። የጎረቤት ሁለት ሊትር ዘይት እኛ ላይ ተጽፎ ተገኘ፤ ባለሱቁ አፍሮ ሻይ ጋበዘኝ። ለስላሳውን ስደምር ግን ያፈርኩት እኔ ነኝ። 19 ጠርሙስ! ሰብሳቢያችን የታኅሣሡን ዕጣ ሊሰጠን ተስማምቷል፤ ዋስ የሚሆነን የባለቤቴ አጎት ነው። ለአበዳሪው «ይቅርብን» ብሎ የደወለለት ራሱ ባለቤቴ ነው። የበጉ ነገር ግን ገና እያከራከረን ነው።