ጥቆማ፦ ልጅ መንዳት ሲጀምር የቤተሰብ የመኪና ኢንሹራንስን የት ማቅለል፣ የቱን አለመንካት

ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ከሆነ የቤቱ የመኪና ኢንሹራንስ በአንድ ጊዜ እንደሚንር ጠብቁ። «የቱ ኩባንያ ይረክሳል?» የሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለውም፤ ለአንዱ ቤተሰብ የረከሰው ለሌላው ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ የኩባንያ ስም ከመደርደር ይልቅ የውል ዓይነቶቹን፣ የመንዳት መከታተያዎቹንና ኢንሹራንስ የሚገዛባቸውን መንገዶች አወዳድሬ የምመርጠውን እጠቁማለሁ።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ለራሳችሁ መኪና ጉዳት ከገባችሁት ሽፋን መቀነስ ትችላላችሁ፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ መቀነስ አለባችሁ። ልጃችሁ በሌላ ሰው አካል፣ ሕይወት ወይም ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ከሚከፍለው ሽፋን ግን ምንም አትቀንሱ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

አረቦኑ፣ ማለትም ለኢንሹራንሱ የምትከፍሉት ገንዘብ፣ የሚንረው ያለ ምክንያት አይደለም። የአሜሪካው የሀይዌይ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም እንደሚለው፣ በተነዳው ርቀት ሲሰላ ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 19 የሆኑ አሽከርካሪዎች ሰው በሚሞትበት አደጋ ውስጥ የመግባታቸው መጠን 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆናቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ከ5 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ቀዳሚው የሞት ምክንያት የመንገድ አደጋ መሆኑን ይገልጻል። ኢንሹራንስ ሰጪው የእናንተን ልጅ አያውቀውም፤ የሚያውቀው የዕድሜ እኩዮቹን ታሪክ ነው። ዋጋውን በእውነት የሚያወርደው ልጁ ከዚያ አማካይ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ነው፤ ምን ያህል እንደሚነዳ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነዳ፣ በምን ዓይነት መኪና እንደሚነዳ።

መጀመሪያ የሚመጣው ምርጫ ልጁን በወላጅ ውል ላይ መጨመር ወይስ የራሱን ውል ማውጣት የሚለው ነው። ለአብዛኛው ቤተሰብ የምመክረው መጨመሩን ነው። የወላጆች ንጹሕ የመንዳት ታሪክ፣ ከአንድ በላይ መኪና በአንድ ውል የማስገባት ቅናሽ፣ የቤትና የመኪና ኢንሹራንስን ከአንድ ቦታ የመግዛት ቅናሽ ሁሉም ልጁን ይጠቅሙታል። ለብቻው ውል ቢያወጣ ግን ዕድሜውንና ልምድ አልባነቱን ብቻ ይዞ ነው የሚቀርበው። ሆኖም የሚያዋጣበት ጊዜም አለ። የወላጆች መኪና በጣም ውድ ከሆነና ልጁ የሚነዳው ሌላ አሮጌ መኪና ከሆነ፣ ወይም ወላጆቹ ራሳቸው በቅርብ ጊዜ የአደጋና የቅጣት መዝገብ ካላቸው፣ ሁለቱንም አስልታችሁ ማየት ይገባል። አንድ ተጨማሪ ነገር አስቡ፦ ልጁ በእናንተ ውል ላይ ሆኖ ቢጋጭ ለዓመታት ያለ አደጋ በመንዳት ያካበታችሁት ቅናሽ ሊነካ ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ደግሞ ተጨማሪ አሽከርካሪ ሆኖ ያሳለፈው ጊዜ በኋላ የራሱን ውል ሲያወጣ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱንም በግልጽ ጠይቁ።

«እናትየዋን ዋና አሽከርካሪ ብለን ብናስመዘግብና ልጁ ቢነዳውስ?» ይህ ብዙ የሚሰማ ሐሳብ ነው። አታድርጉት። መኪናውን በየቀኑ የሚነዳው ልጁ ሆኖ ሳለ ወላጅን ዋና አሽከርካሪ ብሎ ማስመዝገብ ማጭበርበር ተብሎ ይቆጠራል፤ ኩባንያውም አደጋ ሲደርስ ጉዳዩን መርምሮ ካሳውን ሊከለክል ወይም ውሉን ከመነሻው ሊሰርዝ ይችላል። አንድ ጊዜ ውል የተሰረዘበት ሰው በኋላ በሄደበት ሁሉ ይህን መናገር ስለሚገደድ፣ በአረቦን የተረፈው ገንዘብ ተመልሶ ብዙ እጥፍ ይወጣል። አብሯችሁ የሚኖር መንጃ ፈቃድ ያለው ልጅ «አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚነዳው» ቢባልም መነገር አለበት። ጨርሶ የማይነዳ ከሆነ አንዳንድ ኩባንያዎች ስሙን ጠቅሰው ከሽፋኑ ውጭ ያደርጉታል፤ አረቦኑም ይወርዳል። ይህን ከመረጣችሁ ግን ቁልፉ በምንም ምክንያት እጁ እንዳይገባ። «ሱቅ ድረስ ብቻ» እንኳ አይሆንም፤ በዚያች ጉዞ የሚደርሰውን ጉዳት የሚከፍል አይኖርም።

ከሁሉ በላይ ቁጠባ ያየሁት ልጁ እንዴት እንደሚነዳ መዝግቦ ለኢንሹራንሱ በሚያሳውቀው የመንዳት መከታተያ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሦስት ዓይነት አለ። የመጀመሪያው በስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ነው። ለመጀመር ቀላል ነው፤ ስልኩ በጉዞ ላይ ሲነካም ያውቃል፤ ለዚህ ዕድሜ ትልቅ አደጋ ስለሆነ ይህ ብቻውን ዋጋ አለው። ድክመቱ ልጁ በጓደኛው መኪና ተሳፋሪ ሆኖ ሲሄድ እሱ እየነዳ እንደሆነ አድርጎ ሊመዘግብ መቻሉ ነው፤ በየሳምንቱ ገብቶ ማረም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ከመሪው ሥር ባለው የምርመራ ሶኬት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ነው። የሚመዘግበው መኪናውን እንጂ ሰውየውን አይደለም፤ ስለዚህ አባትየው በችኮላ ፍሬን ቢረግጥ ውጤቱ በልጁ ላይ ይቆጠራል። ሦስተኛው በባለሙያ የሚገጠመው ጥቁር ሳጥን ነው። ልጁ የራሱ መኪና ካለው የምመርጠው ይህንን ነው፤ ሊያጠፋው ወይም ሊረሳው አይችልም፣ አደጋ ሲደርስም ፍጥነቱንና ሰዓቱን በማስረጃ ያስቀምጣል። መኪናው የጋራ ከሆነ ግን መተግበሪያው ይሻላል።

ሁሉም በጥቅሉ የሚለኩት አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ድንገተኛ ፍሬን፣ ድንገተኛ ፍጥነት፣ በጥምዝ ላይ ያለ አነዳድ፣ የሌሊት ጉዞ፣ የተነዳ ርቀት። ከመግባታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ውጤቱ መጥፎ ከሆነ አረቦኑ ይጨምራል ወይስ ቅናሹ ብቻ ነው የሚቀረው? በአንዳንዱ ኩባንያ ቅናሹን ከማጣት በላይ አይደርስም፤ በሌላው ግን አረቦኑ ይጨመራል፣ ከዚያም አልፎ ውሉ ሊቋረጥ ይችላል። ለጀማሪ ልጅ የመጀመሪያውን ዓይነት ፈልጉ። የመረጃውንም ነገር ችላ አትበሉ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የአሽከርካሪዎችን የቦታና የአነዳድ መረጃ ያለ በቂ ፈቃድ ሰብስቦ ሸጧል በሚል በጀነራል ሞተርስ ላይ እርምጃ መውሰዱን አስታውቋል፤ መረጃው ኢንሹራንሶች ዘንድ ደርሶ ዋጋ ለመተመን ውሏል የሚል ክስ ነበር። ስለዚህ የኢንሹራንሱን መተግበሪያ ብቻ ሳይሆን መኪናው ራሱ ምን እንደሚልክ በቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ እዩ፤ የማትፈልጉትን አጥፉ።

በኪሎ ሜትር የሚከፈልበት ውል ለዚህ ዓይነት ቤተሰብ ይረሳል እንጂ ብዙ ይጠቅማል። ልጁ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የሚነዳ ከሆነ ትንሽ ቋሚ ክፍያና በተነዳው ልክ የሚጨመር ሒሳብ ከዓመታዊው ሊረክስ ይችላል። ትምህርት ቤት እየተመላለሰ የሚነዳ ከሆነ ግን አትሞክሩት።

የመኪናው ምርጫ ደግሞ ከኩባንያው ምርጫ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ወላጅ «ለመማሪያ ትሁነው» ብሎ ትንሿንና አሮጌዋን መኪና ይሰጣል። በአረቦን በኩል ሊቀል ይችላል፤ በልጁ ሕይወት በኩል ግን አይሆንም። ከላይ የጠቀስኩት የሀይዌይ ደኅንነት ኢንሹራንስ ተቋም፣ ዕቃዎችን ለሸማቾች ከሚፈትሸው ከኮንሱመር ሪፖርትስ ጋር ሆኖ ለወጣቶች የሚሆኑ ያገለገሉ መኪኖችን ዝርዝር ያወጣል፤ በዝርዝሩ ውስጥ ከ1,250 ኪሎ ግራም ገደማ በታች የሚመዝኑ ትንንሽ መኪኖች የሉም፣ ለፍጥነት የተሠሩ ስፖርት መኪኖችም የሉም። ኢኤስሲ የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ ያለው መኪና ግዴታ ይሁን፤ አንድ መኪና ብቻ የገባበትን ለሞት የሚዳርግ አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህ መሣሪያ በአሜሪካ ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ሞዴል ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል መኪኖች ሁሉ ላይ አስገዳጅ ነው። ድንገተኛ አደጋ ሲያይ ራሱ ፍሬን የሚይዝ ከሆነማ ከፊት ያለን መኪና ከኋላ የመግጨት አደጋን በግማሽ ያህል ያወርዳል። እንግዲህ የምፈልገው መካከለኛ ክብደት ያለው፣ ሞተሩ ያልበዛ፣ ጥቂት ዓመት ያገለገለ፣ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ የቤተሰብ መኪና ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የሁለት ሦስት መኪና ሞዴል ለኢንሹራንሱ ሰጥታችሁ በልጁ ስም ዋጋ አስወጡ። በዋጋ ተመሳሳይ በሚመስሉ ሁለት መኪኖች መካከል ያለው የአረቦን ልዩነት ሊያስገርማችሁ ይችላል።

አሁን ወደሚቀነሰው እንምጣ፤ ኤክሰስ፣ ማለትም ጉዳት ሲደርስ መጀመሪያ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻ። ይህን ከፍ ስታደርጉ አረቦኑ ይወርዳል። ምን ያህል ከፍ ማድረግ እንደሚያዋጣ ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ፦ የጨመራችሁትን ኤክሰስ በዓመት በምታተርፉት አረቦን አካፍሉ። መልሱ ሁለት ወይም ሦስት ከሆነ፣ ሁለት ሦስት ዓመት ያለ ግጭት ካለፈ አትርፋችኋል፤ ያዙት። ስምንት ወይም አሥር ከሆነ ግን ልጁ ለአሥር ዓመት አይጋጭም ብላችሁ እየተወራረዳችሁ ነው፤ ተዉት። የመረጣችሁትን ኤክሰስ ያህል ገንዘብም ሳይነካ በቁጠባ ይቀመጥ። በተጨማሪ አንዳንድ ውሎች ለወጣት አሽከርካሪ ብቻ የሚጨመር ሌላ ኤክሰስ በውስጥ ገጽ ላይ ይጽፋሉ፤ ፈልጋችሁ አንብቡት። መኪናው ያረጀ ከሆነ ደግሞ ለራሱ ጉዳት የምትከፍሉት የሁለት ሦስት ዓመት አረቦን የመኪናውን የገበያ ዋጋ የሚደርስ ከሆነ፣ ያንን ሽፋን ጨርሶ መተው ምክንያታዊ ነው። መኪና ይተካል።

በሦስተኛ ወገን፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ ለሚደርሰው ጉዳት በሚከፍለው ሽፋን ላይ ግን ተቃራኒውን አድርጉ። ሕጉ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን የተቀመጠው ለመንገድ ብቁ እንድትሆኑ ነው፤ ልጃችሁ አንድ የቤተሰብ አስተዳዳሪን አካለ ጎደሎ ቢያደርግ የሚያስፈልገውን ለመክፈል አይደለም። አብዛኛው የካሳ ጥያቄ ትንሽ ስለሆነ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው ጣሪያ ለመውጣት የሚጨመረው አረቦን ከሽፋኑ ጭማሪ አንጻር አነስተኛ ነው። ከጣሪያው በላይ ያለው ዕዳ ቤታችሁን፣ ቁጠባችሁን፣ የሌላውን ልጅ የትምህርት ገንዘብ ሊበላ ይችላል። የተጎዳው ሰው ደግሞ ሳይካስ ይቀራል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

ትንንሾቹን ቅናሾች ሳትጠይቁ አይሰጧችሁም። ጥሩ የትምህርት ውጤት (ብዙ ቦታ አማካይ «ቢ»)፣ የታወቀ የማሽከርከር ሥልጠና፣ ልጁ መኪና ሳይዝ ሩቅ ቦታ የሚማር መሆኑ፣ ክፍያን በወር ሳይሆን በዓመት አንዴ መክፈል። የመጨረሻው በተለይ ይጠቅማል፤ ወርኃዊ ክፍያ ብዙ ጊዜ ወለድ ወይም አገልግሎት ክፍያ አለበት።

የአንድ ግጭት ውጤት በአረቦን ላይ ለ3 ዓመትና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ የመጀመሪያውን ዓመት ያለ አደጋ ማለፍ ከማንኛውም ቅናሽ ይበልጣል። ኒው ዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ደረጃ በደረጃ የሚሰጥ መንጃ ፈቃድ ጀመረች፤ ጀማሪው መጀመሪያ ላይ በሌሊት ብቻውን እንዳይነዳና ጓደኞቹን እንዳይጭን የሚገድብ ነው። ሌሎች አገሮችም ተከትለዋታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ኤኤኤ የሚባለው የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት የ16 እና የ17 ዓመት አሽከርካሪ ከ21 ዓመት በታች የሆነ አንድ ተሳፋሪ ሲይዝ የመሞት አደጋው በ44 በመቶ ይጨምራል፣ ሁለት ሲይዝ እጥፍ ይሆናል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሲይዝ አራት እጥፍ። የምትኖሩበት ሕግ ይህን ባይጠይቅም እናንተ ለመጀመሪያው ዓመት ጠይቁ፤ በጽሑፍ አድርጉት፣ ልጁም ይፈርም።

የት ይገዛ? የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጽ ለመጀመሪያ ቅኝት ጥሩ ነው፤ ሁሉም ኩባንያ ግን በእሱ ላይ አይገኝም፣ የሚያሳየው የረከሰ ዋጋም ብዙ ጊዜ ኤክሰሱን ሰቅሎ ነው። የአንድ ኩባንያ ወኪል ቅናሾቹን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የሌላውን ኩባንያ ዋጋ ግን አይነግራችሁም። ወጣት አሽከርካሪ ላለበት ቤት የምጠቁመው ከብዙ ኩባንያዎች ጋር የሚሠራ ብሮከር ነው፤ ክፍያውን ከማን እንደሚያገኝ ጠይቁትና ሥሩ። አንድ ቦታ ለዓመታት መቆየት ይሸልማል ብላችሁም አታስቡ። በእንግሊዝ ነባር ደንበኛን ከአዲስ ደንበኛ በላይ ማስከፈል ተለምዶ ስለነበር የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ለመኪናና ለቤት ኢንሹራንስ ከልክሎታል። ክልከላው በሌለበት አገር ያላችሁ እድሳቱ ሳይደርስ ከሦስት ሳምንት ገደማ በፊት ዋጋ ማሰባሰብ ጀምሩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ሽፋን፣ አንድ ዓይነት ኤክሰስ፣ አንድ ዓይነት የኪሎ ሜትር ግምት ስጡ፤ አለበለዚያ የምታወዳድሩት የተለያየ ዕቃ ነው።

ልጁ አንድ ዓመት ያለ አደጋ ሲሞላ ዳግም ደውላችሁ እንዲያሰሉ ጠይቁ። ከዚያም ውጤት በተሻሻለ፣ ወደ ሌላ ከተማ ለትምህርት በሄደ፣ መኪና በተቀየረ ቁጥር ደውሉ።