ከናኦሚ ኖቪክ መጻሕፍት የትኛውን ላስቀድም? ለሚሉ አንባቢ

የቆዩ ተረቶችን እንደ አዲስ ከምትጽፈው ከናኦሚ ኖቪክ ሥራዎች የትኛውን ቢያስቀድሙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። ብዙዎች «አፕሩትድ»ን ይጠቁሙዎታል፤ እኔ ግን «ስፒኒንግ ሲልቨር»ን እንዲያስቀድሙ እመክርዎታለሁ።

ደራሲዋ እ.ኤ.አ. በ1973 በኒው ዮርክ የተወለደች ስትሆን፣ የእናቷ ወገን ፖላንዳዊ፣ የአባቷ ደግሞ የሊትዌኒያ አይሁድ ነው። በ2015 የታተመውና የምናባዊ ድርሰት ሽልማት የሆነውን ኔቡላን ያገኘው «አፕሩትድ» የተቀዳው ከፖላንድ ተረቶች ነው። በየ10 ዓመቱ አንዲት ልጃገረድ መርጦ ወደ ግንቡ የሚወስድ ጠንቋይና ሰው የሚውጥ ክፉ ጫካ አሉበት። ተራኪዋ አንዲት ብቻ በመሆኗ እንግሊዝኛው አይከብድም፤ ይሁንና ወደ መጨረሻው ገደማ ውጊያው ከሚገባው በላይ ይረዝማል።

በ2018 የወጣው «ስፒኒንግ ሲልቨር» የተነሣው ወንድማማቾቹ ግሪም በ1812 ካሳተሙት፣ ጭድ ፈትላ ወርቅ እንድታወጣ ከታዘዘችው የወፍጮ ባለቤት ልጅ ተረት ነው። በተረቱ ውስጥ ልጅቱን የረዳት ትንሽ ሰውዬ ዋጋውን ሲጠይቅ ክፉ ይባላል፤ እርሷ ስሙን አውቃ ከዕዳዋ ስታመልጥ ግን ደስ ይለናል። ኖቪክ የያዘችው ይህን ስፍራ ነው። ሚርየም የአይሁዳዊ አራጣ አበዳሪ ልጅ ናት፤ አባቷ ግን ያበደረውን ለመጠየቅ የሚያፍር የዋህ ሰው ነው። ተበዳሪዎቹ እናቷ ስታገባ ይዛ በመጣችው ገንዘብ ጠግበው ሲያድሩ፣ እናቲቱ በብርድና በረኃብ ታማ ትተኛለች። ልጅቱ በዚህ ጊዜ በበረዶ መካከል ከደጅ ደጅ እየዞረች ዕዳውን መሰብሰብ ትጀምራለች። «አራጣ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ፊቱ ለሚከፋው ለእኛ አንባቢ ይህ ክፍል ልብ ይነካል፤ ደራሲዋ ገንዘቡ ሲመለስ የልጅቱ ልብ እንዴት እየቀዘቀዘ እንደሚሄድም አትሸሽግምና።

ከሁሉ የምወደው የዋንዳን ታሪክ ነው። ዋንዳ የሰካራም አባቷን ዕዳ በጉልበቷ ልትከፍል ሚርየም ቤት የገባች የገበሬ ልጅ ስትሆን፣ ቁጥርና ጽሕፈት ሲያስተምሯት አስማት የሚያሳዩአት ይመስላታል። ብር ወደ ወርቅ የሚለወጥበት መንገድም እንዲሁ አስማት ይመስላል እንጂ ንግድ ነው፤ ሰው ያልሆነው የበረዷማው ክረምት ንጉሥ ለሚርየም 6 የብር ሳንቲም ትቶ ወርቅ አድርጊልኝ ሲላት፣ እርሷ ለአንጥረኛ ሰጥታ ቀለበት ታሠራበትና ለመስፍኑ ትሸጣለች። በኋላ 60ው ሐብል፣ 600ው ዘውድ ይሆናል።

አንድ ነገር ላሳስብዎ፦ መጽሐፉን 6 ሰዎች በየተራ ይተርኩታል፤ ተራኪው ሲለወጥም ስሙ አይጻፍም። ስለዚህ ወደ ኋላ ገልጠው ማየት እንዲችሉ በወረቀት ወይም በኤሌክትሮኒክ ቅጂ ያንብቡት እንጂ በድምፅ አይጀምሩት። በመንገድ ላይ ማዳመጥ ከፈለጉ «አፕሩትድ» ይሻላል።

በናፖሊዮን ዘመን ላይ የቆሙት 9ኙ የኖቪክ «ቴሜሬር» ተከታታይ መጻሕፍት ተረትን የሚከልሱ ስላልሆኑ ለአሁኑ ይለፏቸው። የክረምቱን ዓለም ወድደው ሌላ ደራሲ ከፈለጉ፣ የካትሪን አርደን የ2017ቱ «ዘ ቤር ኤንድ ዘ ናይቲንጌል» የቤት ጠባቂ መናፍስትን ከቤተ ክርስቲያን ጋር የሚያጋጥም የሩስያ ታሪክ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት የ«ስፒኒንግ ሲልቨር»ን የመጀመሪያ ገጾች ያንብቡ፤ ሚርየም የወፍጮ ባለቤቱን ልጅ ተረት በራሷ አንደበት የምትነግርዎ እዚያው ነው።