ለማስተማሪያ ክፍል ድምፅ የሚመጥ የፋይበርግላስ ኮርኒስ፦ ምን ዓይነት ልምረጥ? እንዴትስ ይገጠም?

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ውስጥ በብሎኬት የተሠራና በባሕር ዛፍ ወራጅ ላይ ቆርቆሮ የለበሰ አንድ ረዥም ቤት ተከራይተን፣ መካከሉን በግድግዳ ከፍለን፣ ለተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት እንሰጥበታለን። እያንዳንዱ ክፍል 12 ሜትር ርዝመትና 8 ሜትር ስፋት አለው፤ ከወለሉ እስከ ቺፕውድ ኮርኒሱ ድረስ ያለው ከፍታ 3 ሜትር ከ50 ነው። ግድግዳው ልስን፣ ወለሉ ሊሾ ስለሆነ ድምፅ የሚይዝ ነገር የለም። መምህሩ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ቃሉ እንደ ገደል ማሚቶ እየተደራረበ ይመለሳል፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «አምስት» ይበል «አሥራ አምስት» ለመለየት ይቸገራሉ። ይህ አልበቃ ብሎ በአጠገቡ ባለው ክፍል የሚነገረው ሁሉ ይሰማል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ትምህርቱ ይቋረጣል።

ባለቤቱ በራሳችን ወጪ ኮርኒሱን እንድንቀይር ፈቅደውልናል። ዕቃ መሸጫ ሱቆችን ስጠይቅ አንዳንዶቹ 60 በ60 የሆነውን ነጭ ሰሌዳ ሁሉ «አኮስቲክ» (ድምፅ የሚመጥ) ይሉታል፤ ሌሎቹ ደግሞ ፋይበርግላስ (የብርጭቆ ቃጫ) ካልሆነ ገንዘባችሁን በከንቱ ታወጣላችሁ ይላሉ። ስለዚህ የትኛውን ዓይነትና ውፍረት ብንመርጥ ይሻላል? አሁን ያለውን ቺፕውድ ማንሳት ይኖርብናል? ፋይበርግላሱስ ለልጆቹ ጤና ጉዳት ይኖረው ይሆን? በሥራው ያለፋችሁ ብታስረዱን ውለታችሁ ትልቅ ነው።

የፊኒሺንግ ባለሙያ፣ ከአያት

በጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ተቀላቅለዋል፤ ፋይበርግላስ በደንብ የሚፈታው አንዱን ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ድምፅ እዚያው እየተንከባለለ እንዳይቆይ ማድረግ አንድ ነገር ነው፤ ከሌላ ክፍል ወይም ከጣሪያ የሚመጣን ድምፅ ማገድ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው አየር የሚያስገባ፣ ቀዳዳው የበዛ ለስላሳ ዕቃ ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ክብደት ያለውና ክፍተት የሌለው ዕቃ ይፈልጋል። እኔ ስለ መጀመሪያው ብቻ እናገራለሁ።

የድምፅ መምጠጥ አቅም በአብዛኛው የሚገለጸው ኤን አር ሲ በሚባል ቁጥር ነው። ይህም በ250፣ በ500፣ በ1000 እና በ2000 ኸርዝ የተለካው የመምጠጥ መጠን አማካይ ሲሆን፣ 0 ማለት ሁሉንም ይመልሳል፣ ወደ 1 የተጠጋ ማለት አብዛኛውን ይውጣል ማለት ነው። ጥሩ የፋይበርግላስ ሰሌዳ ከ0.85 እስከ 0.95 ያለውን ያስመዘግባል። ተራው የማዕድን ቃጫ ሰሌዳ ከ0.50 እስከ 0.70 ድረስ ነው። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚታየው ፕላስቲክ የለበሰ የጂፕሰም ሰሌዳ ግን ከሥር ሲታይ ከእነዚህ ጋር ቢመሳሰልም የሚመጠው ከምንም የማይቆጠር ነው፤ ሻጩ «አኮስቲክ» ስላለው ብቻ ድምፅ አይመጥም።

ሱቅ ሲሄዱ ናሙናውን ገልብጠው ጠርዙን ይዩት። ፋይበርግላስ ከሆነ ጠርዙ ላይ ቢጫ ወይም ፈዘዝ ያለ የጥጥ መሳይ ንብርብር ይታያል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ጥቂት ሰምጦ ይመለሳል፤ ለመጠኑም በጣም ቀላል ነው። ከዚያ ነጩን ፊት ወደ አፍዎ አስጠግተው እፍ ቢሉበት ትንፋሹ ወደ ውስጥ ሊያልፍ ይገባል። ትንፋሽ የማያልፍበት ፊት ድምፅም አያልፍበትም። ከዚህ ሌላ የአምራቹን የሙከራ ወረቀት ይጠይቁ፤ ወረቀት የሌለውን ዕቃ በቃል ብቻ አይግዙ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ዋላስ ሳቢን የተባለው የሃርቫርድ መምህር በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራሶችን ሌሊት እያጓጓዘ ባደረገው ሙከራ የደረሰበት ቀመር ዛሬም ይሠራል፦ የክፍሉን ይዘት በ0.161 አባዝቶ ለጠቅላላው የመምጠጥ መጠን ማካፈል ነው። የእርስዎ ክፍል 336 ሜትር ኪዩብ ነው። ልስኑ፣ ሊሾውና ቺፕውዱ ተደምረው የሚመጡት ድምፅ በግምት 13 ካሬ ሙሉ በሙሉ የሚመጥ ገጽ የሚይዘውን ያህል ቢሆን፣ ባዶው ክፍል ውስጥ ድምፅ እስኪጠፋ ከ4 ሰከንድ በላይ ይወስዳል። 40 ተማሪዎች ሲገቡ ልብሳቸውና ሰውነታቸው ስለሚመጥ ወደ 2 ሰከንድ ገደማ ይወርዳል፤ ያም ቢሆን ለትምህርት ብዙ ነው። ለዚህ መጠን ክፍል በአሜሪካ የትምህርት ቤት ደረጃ የተቀመጠው ባዶውን ሲለካ 0.7 ሰከንድ ነው። ኮርኒሱን ወደ 3 ሜትር ከ30 ዝቅ አድርገው 96 ካሬውን በሙሉ ኤን አር ሲው 0.90 በሆነ ፋይበርግላስ ቢሸፍኑ ስሌቱ 0.6 ገደማ ይሰጣል፤ 0.55 በሆነ የማዕድን ቃጫ ቢሸፍኑ ግን 0.9 ገደማ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ለዚህ ክፍል ፋይበርግላሱ ልዩነት ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ውፍረቱ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል፤ 40 ሚሊ ሜትሩ ወፍራሙን ድምፅ በተሻለ ይይዛል፣ ነገር ግን ከክፍሉ ጥቅም አንጻር ተጨማሪው ዋጋ የሚያዋጣ አይመስለኝም።

አርክቴክት፣ ከሱሉልታ

የቀደመው ወንድሜ ያቀረበው ስሌት ትክክል ነው፤ ሆኖም የሳቢን ቀመር ድምፁ በክፍሉ ውስጥ በየአቅጣጫው እኩል ይሠራጫል ብሎ ስለሚነሣ፣ መምጠጫው ሁሉ ጣሪያው ላይ ብቻ ሲሆን ውጤቱን ከእውነቱ አሳምሮ ያሳያል። ድምፁ በአራቱ ልስን ግድግዳዎች መካከል ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ከስሌቱ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ከመምህሩ ፊት ለፊት ያለውን የኋላ ግድግዳ፣ ከተቀመጠ ልጅ ጆሮ ከፍታ ጀምሮ፣ በዚያው ዓይነት ሰሌዳ ወይም በወፍራም ጨርቅ በተሸፈነ ፋይበርግላስ በከፊል እንዲያለብሱ እመክራለሁ።

ዋናው ልናገር የፈለግሁት ግን ስለ ጎረቤት ክፍሉ ነው። ቤቱ ለኪራይ የተሠራና በኋላ የተከፈለ ከሆነ፣ የመካከሉ ግድግዳ ኮርኒሱ ድረስ ብቻ ደርሶ ከዚያ በላይ እስከ ቆርቆሮው ያለው ክፍተት ባዶ ሳይሆን አይቀርም። ቺፕውዱን አንድ ቦታ ከፍተው በባትሪ ይመልከቱ። ባዶ ከሆነ የሚሰሙት ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ሳይሆን በላዩ ተሻግሮ የሚመጣ ነው፤ ይህ ክፍተት እያለ ቺፕውዱን አንስተው ፋይበርግላስ ብቻ ቢሰቅሉ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። አየር የሚያስገባው ዕቃ ድምፅንም ያሳልፋልና። ኮርኒስ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገርን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካው ሲ ኤ ሲ በሚባል ሌላ ቁጥር ነው፤ በዚህ መለኪያ ተራው የማዕድን ቃጫ ከተራው ፋይበርግላስ በግልጽ ይበልጣል። በአንዱ ቁጥር የላቀው በሌላው ያንሳል፤ ሻጮች አንዱን ብቻ የሚነግሩን ለዚህ ነው።

መፍትሔው ግድግዳውን እስከ ቆርቆሮው ማድረስ ነው። ከሥሩ መሠረት ካለው በብሎኬት፣ ከሌለው በብረት ፍሬም ላይ በሁለቱም በኩል ጂፕሰም ቦርድ መትቶ መካከሉን በፋይበርግላስ ጥጥ መሙላት ይቻላል። ከቆርቆሮው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ሞገድ ስላለው ክፍተቱ በደንብ መደፈን አለበት፤ ጣት የሚያልፍበት ቀዳዳ የሥራውን ግማሽ ያበላሻል።

ቺፕውዱን አታንሱት። ለዝናቡም ለጎረቤትም የሚጠቅም ክብደት አለው። መጋጠሚያዎቹን ደፍናችሁ፣ ወራጁ ከቻለ ከሥሩ አንድ ንብርብር ጂፕሰም ቦርድ ጨምሩበት፤ ከቺፕውዱ በላይ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፋይበርግላስ ጥጥ አንጥፉ። የቆርቆሮው ጩኸት የሚነሣው ዝናቡና በረዶው ስሱን ብረት ስለሚያርገበግቡት ስለሆነ፣ የሚቻል ከሆነ ከቆርቆሮው ሥር ተለጥፎ የሚጫነው ጥጥ ርግብግብታውን ከምንጩ ያደክመዋል። ፋይበርግላስ ሰሌዳው በመጨረሻ ከሁሉም ሥር ይንጠለጠላል። ጂፕሰም ቦርድ እንደ ውፍረቱ በካሬ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ስለሚመዝን፣ 96 ካሬ ላይ አንድ ቶን ሊጠጋ ነው፤ የባሕር ዛፍ ወራጅ ይህን ይሸከም እንደሆነ መሐንዲስ ሳያየው አይጀመር።

ጠያቂ፣ ከለገጣፎ

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ቦታ ከፍተን አይተነዋል፤ እንደተባለውም ግድግዳው ከኮርኒሱ በላይ የለም። አናጺያችን ግን ለምን አትቸገሩም፣ ስፖንጅ ወይም የእንቁላል ካርቶን ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ኮርኒሱን በዚያው ተዉት እያለን ነው። በተጨማሪ ሰሌዳው ነጭ ስለሆነ በኋላ ቢቆሽሽ ቀለም መቀባት ይቻል ይሆን?

የኮርኒስ ሥራ ተቋራጭ፣ ከሰበታ

የእንቁላል ካርቶን ስስ ወረቀት ስለሆነ የሚይዘው ጥቂት ቀጭን ድምፅ ብቻ ነው፤ አቧራና ነፍሳት ከመሰብሰብ በቀር ለንግግር አይረዳም። ስፖንጁ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ልጆች በሚቀመጡበት ክፍል በጭራሽ አታስገቡት። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ ሮድ አይላንድ በአንድ የምሽት ክበብ ውስጥ ለድምፅ ተብሎ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስፖንጅ ርችት ለኩሶት 100 ሰው ሞቷል። የብርጭቆ ቃጫ ራሱ አይነድም፤ የሚነደው ማጣበቂያውና ልባሱ ስለሆነ፣ ሰሌዳው በአውሮፓ የእሳት ደረጃ ኤ1 ወይም ኤ2 (የማይነዱ ወይም እምብዛም የማይነዱ የሚባሉት) መሆኑን ከወረቀቱ ላይ አረጋግጡ። ካኪ ወረቀት የለበሰ ጥጥ ከኤሌክትሪክ ገመድ አጠገብ ተገልጦ እንዳይተው።

ስለ ጤናው፦ የዓለም የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2001 ባደረገው ግምገማ ለግንባታ የሚውለውን የብርጭቆ ጥጥ «በሰው ላይ ካንሰር አምጪ ብሎ ለመመደብ የማይቻል» በሚለው ሦስተኛ ምድብ አስቀምጦታል። የሚያስቸግረው በሚቆረጥበት ጊዜ ቆዳን፣ ዓይንንና ጉሮሮን መቆጥቆጡ ነው። ሠራተኞቹ እጅጌው ረዥም ልብስ፣ ጓንት፣ መነጽርና ማስክ ያድርጉ፤ ሰውነት የነካውን በቀዝቃዛ ውሃ ሳይፈትጉ ማለቅለቅ፣ ልብሱንም ለብቻው ማጠብ ይገባል። ሥራው ተማሪ በሌለበት ይሠራ፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሰሌዳው ከተሰቀለና ጠርዙ የታሸገ ከሆነ በየቀኑ የሚረግፍ ነገር የለውም።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ተራ ቀለም የፊቱን ቀዳዳ ስለሚደፍነው አይቀባም። አቧራ ቢይዝ በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል፤ የተበላሸውም ለብቻው ይቀየራል።

ወደ ገጠማው ስንመጣ፣ ከሁሉ በፊት ጣሪያው እንደማያፈስ አንድ ጥሩ ዝናብ ጠብቃችሁ አረጋግጡ፤ ሰሌዳው በእርጥበት ብዙም አይጎብጥም፣ ነገር ግን ፍሳሽ የነካው ፊት ላይ የሚቀረው ቡናማ ክብ አይለቅም። የመብራት መስመሩም አስቀድሞ ተዘርግቶ ይጠናቀቅ። ቀጥሎ የውሃ ልክ በጎማ ወይም በሌዘር በአራቱም ግድግዳ ላይ ይመታል፤ በዚያ መስመር ላይ የኤል ቅርጽ ያለው ብረት በፊሸር ይታሰራል። ዋናዎቹ የቲ ብረቶች በየ1 ሜትር ከ20 ይዘረጋሉ፣ የማንጠልጠያ ሽቦዎቹም በየ1 ሜትር ከ20 ከወራጁ ወይም ከማገሩ ይታሰራሉ። ከቺፕውዱ ላይ የሚታሰር ሽቦ አልቀበልም፤ ምስማሩ በጊዜ ብዛት ይለቃል። ሰሌዳውን በማጣበቂያ ቺፕውዱ ላይ እንለጥፈው የሚላችሁ ቢኖርም አትስሙት፤ በወረቀቱ ላይ የምታዩት ቁጥር የተለካው ከኋላው የ20 ወይም የ40 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ኖሮ ነው፣ ሲለጠፍ ወፍራሙን ድምፅ የመያዝ አቅሙ ይወርዳል።

አናጺዎች ብዙ ጊዜ የሚያበላሹት አከፋፈሉን ነው። በ12 ሜትሩ በኩል ልክ 20 ሰሌዳ ይገባል። በ8 ሜትሩ በኩል ግን 13 ሙሉ ሰሌዳ ካስገቡ 20 ሴንቲ ሜትር ይተርፍና በአንድ ዳር ቀጭን ቁራጭ ይቀራል፤ መካከሉን ይዘው 12 ሙሉ አስገብተው በሁለቱም ዳር 40፣ 40 ሴንቲ ሜትር ቢተዉ ግን ያምራልም፣ ጠርዙም አይሰበርም። በዚህ አከፋፈል ለአንድ ክፍል 280 ሰሌዳ ያስፈልጋል፤ ሁለት የ40 ቁራጭ ከአንድ ሰሌዳ ስለማይወጣ በ96 ካሬ ብቻ አስልታችሁ ከገዛችሁ ያጥርባችኋል። የሚቆረጠው በስለታም ቢላ ከፊቱ በኩል ነው፤ በመጋዝ ሲቆረጥ ይቦጨቃል። ነጭ ጓንት ይደረግ፣ የጣት አሻራ በግልጽ ይታያል።

የመብራቶቹን ክብደት ሰሌዳው ላይ አትጣሉ፤ እያንዳንዱ በራሱ ሽቦ ከወራጁ ይንጠልጠል። በእኛ አካባቢ አይጥ ጥጥ ውስጥ ጎጆ መሥራት ስለሚወድ የቆርቆሮው ዳርና የግድግዳው ጫፍ በወንፊት ሽቦ ቢዘጋ ይመረጣል። ከግዢው ላይ አንድ ካርቶን ያህል ትርፍ አስቀምጡ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ዓይነት ማግኘት አስቸጋሪ ነውና፤ ካርቶኑም በጠፍጣፋው ይቀመጥ፣ በጠርዙ ከቆመ ይጎብጣል።

አርክቴክት፣ ከሱሉልታ

በገንዘብ የምታጥሩ ከሆነ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ግድግዳ ዝጉ፣ ቀጥሎ በአንዱ ክፍል ብቻ ፋይበርግላሱን ስቀሉ፣ የዝናቡን ሥራ ደግሞ መሐንዲሱ ወራጁን አይቶ ከፈቀደ በበጋ ጀምሩት፤ ከሰኔ በኋላ ቆርቆሮ መንካት አይቻልም። የኪራይ ውላችሁ ላይም የተገጠመው ብረትና ሰሌዳ የማን እንደሚሆን አሁኑኑ አስፍሩ። የተንጠለጠለ ኮርኒስ ተፈትቶ ሌላ ቤት ሊሰቀል የሚችል ንብረት ነው።