«አድባር» ዛፍ ነው ወይስ ቦታ?

ጥያቄ፦ ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች። ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። በምናቤ የፈጠርኩት፣ ከጫካ ጋር የሚኖር ሕዝብ አለበት። ዛፍ ከመቁረጣቸው በፊት ይቅርታ ይጠይቁታል። ትልቁን ዛፋቸውን «የተቀደሰ ዛፍ» አልኩት። ሳነበው ግን ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ ይመስላል። በአማርኛ ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ እኔ ያደግሁት ሰከላ ነው፣ የግሽ ዓባይ ምንጭ ካለበት። በእኛ አገር ሰው «አድባር» ነው የሚለው። ቃሉ ግን ዛፍ ማለት አይደለም።

በግዕዝ «ደብር» ተራራ ነው። ሲበዛ «አድባር» ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው (ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበረች)። ቤተ ክርስቲያን ከፍታ ላይ ስለሚተከል፣ ደብር ራሱ የቤተ ክርስቲያን ስም ሆነ። በአማርኛ ደግሞ የ«አድባር» ብዙ ቁጥርነት ተረሳ። አንዲት ነገር ሆነች፤ የቦታው ጠባቂ። ዋርካው ሥር ቄጠማ ተጎዝጉዞ ቡና ሲፈላ፣ የሚለመነው ግንዱ አይደለም፣ እሷ ናት። መንገደኛ ስንሸኝ «የአገሬ አድባር ትከተልህ» እንላለን። ዛፍ ሰው አይከተልም!

«ትከተልህ» መባሉንም ልብ በይ። አያቴ አድባርን በወንድ ስትጠራ ሰምቼ አላውቅም። አስታራቂ ሽማግሌንም «የአገር አድባር» እንላለን፤ እሱ ካለ አገሩ ተጠበቀ ማለት ነው። «አድባር አውጋር» ሲባል የምትሰሚው አውጋርም ከግዕዙ «ወግር»፣ ከኮረብታ የመጣ ነው።

ከ«ቆሌ» ጋር ግን አታምታቺው። ቆሌ ከሰውና ከዘር ጋር ነው የሚሄደው። ሰው ሲደነግጥ «ቆሌው ተገፈፈ» የምንለው ለዚህ ነው። አድባር ከሰው ላይ አትገፈፍም።

ሕዝብሽም ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰከላ መጥተው ነበር። ሁለቱም አገዎች ለምንጩ ከብት ያርዱ እንደነበር ጽፈዋል። ዛሬ ያው ውሃ ጠበል ነው፤ ሰው ከሩቅ እየመጣ ይጠመቅበታል።

ሌላ መልስ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ከባሕር ዳር ነኝ፣ አንድ ቃል ልጨምር። ለሕዝብሽ ሕግ «ክልክል» አትበይ፤ አጥር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ይመስላል። «ግዝት» በይው። ጣና ዳር፣ ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ ግዝት ነው። የገዘቱት አቡነ በትረ ማርያም ናቸው ይባላል። ሰዉ ቡናውን ከጫካው ጥላ ሥር እየለቀመ ኖሯል፣ ጫካውም እስከ ዛሬ ቆሟል። ክልክልን የሚያስከብረው ዘበኛ ነው። ግዝትን የሚያስከብረው የገዘተው ሰው ቃል ነው፤ እሱ ከሞተም በኋላ ቃሉ ይሠራል።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ አንተም ወንድሜ። ትናንት ማታ ምዕራፉን እንደገና ጻፍኩት። ሰውዬው መጥረቢያውን መሬት ላይ ያስቀምጥና «ዛፍ ሆይ ይቅር በለኝ» ይል ነበር። አሁን የሚለው «አድባሬ፣ ማሪኝ» ነው።