የፓይን ጣውላ ሙጫ ቀለሙን እያለፈ አስቸገረኝ

ሰላም ባለሙያዎች፣ እስኪ አንድ በሉኝ። ከፓይን ጣውላ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሠርቼ ነጭ ቀለም ቀባሁት። እንጨቱ ለስላሳ ስለሆነ ለመጋዝም ለመላጊያም ምቹ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ምንም አላማርርም። ጣጣው የመጣው ከቀለሙ በኋላ ነው። ቅርንጫፍ የበቀለበት አንጓ ሁሉ ቢጫ ክብ ሆኖ በነጩ ላይ ወጣ። አንዳንዱ ላይማ ሙጫው አቁሮ ጣት ሲነካው ይጣበቃል። በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ደግሜ ቀባሁት፣ ተመልሶ ወጣ።

ጣውላው በምድጃ ሲደርቅ ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካልሞቀ ሙጫው እንደማይረጋ አውቃለሁ፤ የኔው በምን እንደደረቀ ግን ሻጩም አያውቅም። አንጓውን በአልኮል ጠርጎ ጎማላካ (ሼላክ የሚባለውን የእንጨት ቫርኒሽ) መቀባት ያግደዋል ይባላል። ታዲያ ጎማላካው አሁን ባለው ቀለም ላይ ይያዛል ወይስ እስከ እንጨቱ ድረስ ልፋቀው? ስንት እጅ ይበቃዋል? መደርደሪያው የሚቆመው ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ነው፤ ሙቀቱ ሙጫውን ዳግም ያወጣዋል ብዬ ሰግቻለሁ። አንጓዎቹን ቆፍሮ በእንጨት መድፈን ይሻላል የምትሉ ካላችሁም ንገሩኝ፣ ብዙ ስለሆኑ ግን ባልጀምረው እመርጣለሁ።