የስኳር ሕመም ትምህርት ስናዘጋጅ ታካሚዎቹን መቼና እንዴት እናሳትፍ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በጤና ጣቢያችን ለስኳር ታካሚዎች አዲስ ትምህርት እያዘጋጀን ነው። የቀድሞውን የጻፉት ባለሙያዎች ብቻ ናቸው፤ ታካሚዎቹ "ገብቶናል" ይላሉ፣ ቤት ሲገቡ ግን የኢንሱሊን አወሳሰዳቸው ያው ነው። ስንት ሰው እንጥራ? ምንስ እንጠይቅ?

የክትትል ክፍል ነርስ፦
ረቂቁ ካለቀ በኋላ ከጠራችኋቸው "ጥሩ ነው" ብለው ይሄዳሉ። ርእሶቹ ሳይመረጡ ጥሯቸው። ከ6 እስከ 8 ሰው ይበቃል። ስኳራቸው የተስተካከለላቸውንና ንግግር የሚችሉትን ብቻ አትምረጡ፤ ቀጠሮ የሚያሳልፍ፣ ማንበብ የማይችል፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣም ይኑር። ቤት ውስጥ ምግብ የምትሠራዋም ትምጣ። መድኃኒት የሚያዝላቸው ሐኪም ግን በመጀመሪያው ውይይት አይቀመጥ፤ እሱ ፊት "መርፌውን ዘልዬዋለሁ" የሚል አይገኝም።

የጤና ትምህርት ባለሙያ፦
"ምን መማር ትፈልጋላችሁ?" ካላችኋቸው "እናንተ ታውቃላችሁ" ይሏችኋል። "ትናንት ምን በሉ? መርፌውን ስንት ሰዓት ወጉ?" በሏቸው። ስለ ጾምና ረመዳን ለብቻው ጠይቁ፣ ሳትቆጡ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ የጠዋቱን መጠን እንደ ወትሮው መውጋት ስኳርን በአደገኛ ሁኔታ ያወርዳል፤ ጨርሶ መተውም ሌላ አደጋ ነው። ብልቃጥና መርፌ ሰጥታችሁ አሠራሩን እነሱ ያሳዩአችሁ፦ ደመናማውን ኢንሱሊን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ያንከባልላሉ ወይስ ይንጡታል? ፍሪጅ የሌላቸው የት ያኖሩታል? ከምታዩት ስሕተት ርእሶቻችሁ ይወጣሉ።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። "አብሽ ካለ መርፌ አያስፈልግም የሚል ይግባ" ቢሉንስ?

ሐኪም፦
ድንበሩን በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። የርእሶች ቅደም ተከተል፣ ቃላቱ፣ ምሳሌዎቹ፣ ሰዓቱ የእነሱ ነው፤ የመድኃኒት መጠንና የአደጋ ምልክቶች የባለሙያ። የአብሹን ሐሳብ ግን አትሰርዙት። አንድ ሰው ከተናገረው ብዙዎች ቤታቸው እየሞከሩት ይሆናል፤ ራሱን የቻለ ርእስ አድርጉትና ኢንሱሊን ማቋረጥ ምን እንደሚያመጣ በዚያ አስረዱ።

የጤና ትምህርት ባለሙያ፦
የትምህርቱን ሥዕሎች በቡድኑ ላልነበሩ ታካሚዎች አሳይታችሁ "ምን ይታይዎታል?" በሉ። ለብቻው የተሣለ እግር የተቆረጠ ሊመስላቸው ይችላል፤ ሙሉ ሰው አሥሉ።

የክትትል ክፍል ነርስ፦
ውይይቱን ከቀጠሮ ቀናቸው ጋር አገናኙት፣ የትራንስፖርቱን ብርም በዕለቱ ስጡ። ከ90 ደቂቃ አይለፍ፤ መርፌ ወግተው ሳይበሉ የሚመጡ አሉ። የደም ስኳር መለኪያና የሚበጠበጥ ስኳር አጠገባችሁ ይኑር፦ የደም ስኳራቸው ከ70 mg/dL በታች ከወረደ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣችሁ አጠጡ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ድጋሚ ለኩ፣ ካልወጣ ድገሙ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አትስጡ፤ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።